ፍሪትዮፍ ናንሰን፤ ከበረዶው ጋር የተጓዘው ሰው

በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ የምትገኘው የአባሺሪ ወደብ በየዓመቱ በብርዱ ወራት በጎብኚዎች ትጨናነቃለች። እንግዶቹ ወፍራም ካፖርታቸውን ደርበው በረዶ ሰባሪ መርከብ ላይ ይሳፈራሉ። ከኦሆትስክ ባሕር በነፋስና በውሃ ፍሰት እየተገፋ የሚመጣውን ተንሳፋፊ የባሕር በረዶ በአስጎብኚ እየተመሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ይመለከታሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከዚያም ወደ ሞቀ ማረፊያቸው ይመለሳሉ። በፊንላንድ ሰሜናዊ ጠረፍም ተመሳሳይ ጉዞ አለ። በእንዲህ ያለ ጉዞ የሚሳተፍ ሰው መርከቡ የሚመለስበትን ሰዓት ገና ሳይሳፈር ያውቀዋል።

ከ130 ዓመታት በፊት አንድ ኖርዌያዊ ሳይንቲስት 12 ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ሲገባ ግን የሚመለስበትን ዓመት እንኳ አያውቅም ነበር። ዓላማው በረዶውን አይቶ መመለስ ወይም ሰብሮ ማለፍ አልነበረም። መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶው አስይዞ፣ በረዶው ወደሚወስደው ሁሉ አብሮ ለመሄድ ነበር የተነሣው። ይህ ሰው ፍሪትዮፍ ናንሰን ይባላል። የዕድሜውን ትልቁን ክፍል በዋልታ ጉዞና በባሕር ጥናት አሳለፈ። የመጨረሻዎቹን ዐሥር ዓመታት ደግሞ ጦርነትና ረሀብ ከቀያቸው ነቅለው ለበተኗቸው ሰዎች መጠጊያ ሲፈልግ ኖረ። ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር፣ የመኖሪያ ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰው ታሪክ ማወቁ ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ በሂጅራ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ናንሰን ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ተወለደ። የተወለደው ዛሬ ኦስሎ በምትባለው፣ በዚያን ዘመን ግን ክርስቲያንያ ትባል በነበረችው ከተማ አቅራቢያ ነው። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበር። ልጁ ገና በጨቅላነቱ ስኪ የተባሉትንና በእግር የሚታሰሩትን ረጃጅም የእንጨት መንሸራተቻዎች ተለማመደ፤ ካደገ በኋላም በጫካና በተራራ ለብቻው ረጅም ጉዞ ማድረግ ይወድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመረጠው የእንስሳት ጥናትን ነው። ምርጫውም ከመጻሕፍት ይልቅ ወደ ሜዳና ወደ ባሕር የሚያወጣው መስሎት እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ።

በ1882፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቫይኪንግ በተባለች የባሕር እንስሳት አዳኝ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። መርከቧ ከምሥራቅ ግሪንላንድ ጠረፍ አቅራቢያ በበረዶ ተያዘችና ለሳምንታት መላወሻ አጣች። መርከበኞቹ በከንቱ ባለፈው የአደን ጊዜ ሲያዝኑ ወጣቱ ናንሰን በረዶውንና ከሩቅ የሚታየውን የግሪንላንድ ተራራ ሲያጠና ሰነበተ። ከዚያ ሲመለስ በበርገን ከተማ ቤተ መዘክር ተቀጠረና ለዓመታት የእንስሳትን የነርቭ ሥርዓት በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ቆየ። የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘውም በዚሁ ጥናት ነው።

በ1888 የዶክትሬት ጽሑፉን ባቀረበ በጥቂት ቀናት ውስጥ አምስት ጓዶቹን ይዞ ወደ ግሪንላንድ አመራ። ከአምስቱ መካከል ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ራቭና በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ምድር ከሚኖረው ከሳሚ ሕዝብ የመጡ ነበሩ። ከእርሱ በፊት ግሪንላንድን ለማቋረጥ የሞከሩ ሰዎች ጉዞውን የሚጀምሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ጠረፍ ስለነበር፣ ሲከብዳቸው ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ናንሰን ይህን ገልብጦ ሰው ከማይበዛበት ከምሥራቁ ጠረፍ ለመጀመር ወሰነ። በዚህ መንገድ ከኋላ የሚመለሱበት ቤት አይኖርም፤ ምግብም ሰውም የሚገኘው ከፊት ለፊት ብቻ ይሆናል።

ጁላይ 17 ቀን ከመርከብ ወርደው በጀልባ ወደ ጠረፉ ሲያቀኑ ተንሳፋፊው በረዶ መንገድ ዘጋባቸው። ከ10 ቀናት በላይ በበረዶ ንጣፍ ላይ ሆነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ጠረፉን ይዘው በመቅዘፍ ወደ ሰሜን ተመለሱና ኦገስት 15 ቀን ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ያለፈበት ሌሊት ነበር። በኦክቶበር መጀመሪያ ዛሬ ኑክ ከተባለችው ከተማ ሲደርሱ የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ አምልጧቸዋል። ናንሰን የብርዱን ወራት ከአገሬው ከኢኑይት ሕዝብ ጋር አሳለፈ። ካያክ የተባለችውን በቆዳ የተሸፈነች የአንድ ሰው ጀልባ መቅዘፍን፣ የቆዳ ልብስንና የአደን ዘዴን ከእነርሱ ተማረ። ይህ ትምህርት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕይወቱን አትርፎለታል።

ከስብርባሪ የተገኘ ምልክት

የባሕር በረዶ ከተራራ ተቆርሶ ወደ ባሕር ከሚወድቀው ግዙፍ ግግር በረዶ የተለየ ነው። የሚፈጠረው እዚያው ባሕሩ ላይ ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲቀዘቅዝ ነው። ሲረጋም ከጨዉ የሚበዛውን ወደ ታች ይለቃል። ከምድር ጋር ያልተያያዘው ክፍል ነፋስና የውሃ ፍሰት ወደ ወሰዱት ይሄዳል። ሁለት ሰፋፊ ንጣፎች ሲጋጩ ጠርዞቻቸው ተሰባብረው እንደ ኮረብታ ይቆለላሉ። በመካከላቸው የተገኘች መርከብ በወፍጮ ድንጋይ መካከል እንደገባ እህል ትደቅቃለች።

በ1879 ከአሜሪካ የተነሣችው ጃኔት የተባለች መርከብ የገጠማት ይኸው ነበር። በሰሜን ምሥራቅ እስያ በኩል ወደ ዋልታው ስታመራ በበረዶ ተይዛ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስትንሳፈፍ ከቆየች በኋላ በጁን 1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን ተሰባብራ ሰጠመች። ከመርከበኞቿ ብዙዎቹ ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ አንዳንድ ዕቃዎቿ በሌላው የዓለም ጥግ፣ በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ ጠረፍ በበረዶ ላይ ተገኙ። ከተገኙት ውስጥ አለቃው የፈረመበት የስንቅ ዝርዝርና የአንድ መርከበኛ ስም የተጻፈበት ሱሪ ነበሩ።

ናንሰን የዚህን ዜና ትርጉም አሰላሰለ። ስንቅ የተጻፈበት ወረቀት በራሱ ሊዋኝ አይችልም፤ ተሸክሞ ያመጣው በረዶው ነው። ከሳይቤሪያ እስከ ግሪንላንድ ለመምጣትም በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከማለፍ ሌላ የቀረበ መንገድ የለም። ዛፍ በማይበቅልበት የግሪንላንድ ጠረፍ ላይ የሳይቤሪያ ግንዶች ተጥለው መገኘታቸውም ይህንኑ ያመለክት ነበር። ስለዚህ ከአንዱ የዓለም ጫፍ ወደ ሌላው የሚጓዝ ቋሚ ፍሰት አለ ብሎ ደመደመ። ከእርሱ በፊት የነበሩት አሳሾች በረዶውን እንደ ጠላት ቆጥረው ሲታገሉት ተሸንፈዋል። ናንሰን የማይደቅ መርከብ ከተሠራ በረዶው ራሱ ተጓዡን ተሸክሞ ያሻግረዋል ብሎ አመነ።

ይህን ሐሳብ በ1890 በአገሩ፣ በ1892 ደግሞ በለንደን በታላላቅ የዋልታ ተጓዦች ፊት አቀረበ። አብዛኞቹ ተቃወሙት። የበረዶውን ጉልበት የሚችል መርከብ ሊሠራ አይችልም፤ ጉዞውም ራስን ወደ ሞት መላክ ነው የሚል ነበር ተቃውሟቸው። የኖርዌይ ምክር ቤት ግን ገንዘብ ፈቀደለት፤ ግለሰቦችም ጨመሩለት።

ፍራም

መርከቡን የሠራው ኮሊን አርቸር የተባለ ስመ ጥር የመርከብ ሠሪ ነው። ስሙ ፍራም ተባለ፤ በኖርዌይኛ ወደ ፊት ማለት ነው። ርዝመቱ 39 ሜትር፣ ወርዱ 11 ሜትር ሲሆን፣ ከአንድ ተራ መርከብ ጋር ሲነጻጸር አጭርና ደንዳና ነበር። የጎኖቹ ውፍረት ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥበቡ ግን ያለው ከውፍረቱ ይልቅ በቅርጹ ነው። በረዶ ቆንጥጦ የሚይዘው ሹል ነገር እንዳይኖር ሆዱ ክብና ልሙጥ ተደርጎ ተሠራ። በረዶው ከግራና ከቀኝ ሲጨምቀው፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት እንደሚያመልጥ የሎሚ ፍሬ፣ ወደ ላይ ተንሸራቶ በበረዶው ላይ እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። የአምስት ዓመት ስንቅ፣ ብዙ መጻሕፍትና የኤሌክትሪክ መብራት የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ ተጫነበት።

ፍራም በጁን 1893 ከክርስቲያንያ ተነሥቶ የሳይቤሪያን ጠረፍ ይዞ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በሴፕቴምበር መጨረሻ 79 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ በበረዶ ተያዘ። በኦክቶበር በረዶው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨምቀው የእንጨቱ ጩኸት ሰውን ከሰው አያነጋግርም ነበር። መርከቡ ግን እንደታሰበው ከፍ አለ፤ በረዶውም ከሥሩ ተንሸራቶ አለፈ። በጃንዋሪ 1895 ከሁሉ የከፋው ግፊት መጥቶ የበረዶ ቁልል በመርከቡ ጎን ላይ ተደረመሰ። መርከበኞቹ ስንቃቸውን አውጥተው ለመሰደድ ተዘጋጅተው ሳለ መርከቡ ደግሞ ተቋቁሞ ቀረ።

ጉዞው ግን እጅግ ያታክት ነበር። በረዶው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንድ ሳምንት ወደ ሰሜን ከወሰዳቸው በሚቀጥለው ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ከተያዙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጀመሩበት ቦታ እንኳ ወደ ደቡብ ወርደው ተገኝተዋል። በዚያ ወራትን በሚዘልቅ ጨለማ ውስጥ 13ቱ ሰዎች በየጊዜው የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ጥልቀትና የነፋሱን አቅጣጫ ይመዘግቡ ነበር። በዚያ ዘመን በዋልታው ዙሪያ ያለው ባሕር ጥልቀት እንደሌለው ይታሰብ ነበር። ይዘውት የመጡት መለኪያ ገመድ አልደርስ ስላለ የመርከቡን የብረት ገመድ ፈትተው ረጅም አድርገው ሠሩና ጥልቀቱ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን አወቁ።

ናንሰን ሌላም ነገር አስተዋለ። በረዶው የሚሄደው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ በቀጥታ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነበር። ምክንያቱ የምድር መሽከርከር እንደሆነ ገመተ፤ ስዊድናዊው ቫገን ኤክማንም በኋላ በሒሳብ አረጋገጠው። ዛሬ በዓለም ያሉ የባሕር ሳይንስ ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩት ይህ ሕግ የተገኘው በበረዶ ተይዞ ይንሳፈፍ ከነበረ መርከብ ላይ ነው።

በእግር ወደ ዋልታው

ፍሰቱ መርከቡን በዋልታው ላይ በቀጥታ እንደማያሳልፈው ሲረዳ ናንሰን ማርች 14 ቀን 1895 ያልማር ዮሃንሰን ከተባለ ጓዱ ጋር ከመርከቡ ወጣ። መርከቡን ለኦቶ ስቨርድሩፕ አስረከበ። ሁለቱ ሰዎች 28 ውሾች፣ 3 ተንሸራታች ጋሪዎችና 2 ካያኮች ይዘው ነበር። ወደ መርከቡ የመመለስ ተስፋ አልነበራቸውም፤ መርከቡ ከበረዶው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ትተውት የሄዱበት ቦታ ላይ አይቆያቸውም። እነርሱ ወደ ሰሜን ሲራመዱ ከእግራቸው በታች ያለው በረዶ ወደ ደቡብ ይወስዳቸው ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ሲደርሱ ለመመለስ ወሰኑ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእነርሱ በላይ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው አልታወቀም። ዋልታው 420 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቷቸው ነበር።

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው የባሰ ሆነ። ሰዓቶቻቸው ስለቆሙባቸው ያሉበትን ኬንትሮስ በትክክል ማወቅ ተሳናቸው። ውሾቹን አንድ በአንድ እያረዱ ለቀሩት ውሾች አበሉ። በኦገስት ፍራንዝ ዮሴፍ ከተባሉት ደሴቶች ደረሱና ከድንጋይ ጎጆ ሠርተው በዋልረስ ቆዳ ከደኑት። በዚያች ጎጆ በድብና በዋልረስ ሥጋ ስምንት ወር ያህል ኖሩ። እንደሚተረከው ሁለቱ ሰዎች እስከዚያ ድረስ እንደ አገራቸው የከበሬታ ወግ አንቱ ሲባባሉ ቆይተው አንተ መባባል የጀመሩት በዚያች ጎጆ፣ በ1895 የመጨረሻ ሌሊት ነበር።

በጁን 1896 ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ስንቃቸውንና መሣሪያቸውን የያዙት ካያኮች ከጠረፉ ተፈትተው በውሃው ተወሰዱ። ናንሰን ከነልብሱ ሊባል በሚችል ሁኔታ በበረዶው ውሃ ውስጥ ገብቶ ዋኘ። ጀልባዎቹን ሲይዝ አካሉ ከመደንዘዙ የተነሣ ለመውጣት እንኳ ተቸግሮ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የውሻ ጩኸት ሰማ። ድምፁን ተከትሎ ሲሄድ ፍሬድሪክ ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ አሳሽ አገኘ። ኦገስት 13 ቀን ናንሰን በጃክሰን መርከብ ኖርዌይ ገባ። በዚያው ቀን ፍራም ከ35 ወራት ገደማ በኋላ ከስፒትስበርገን በስተሰሜን ከበረዶው ነጻ ወጣ። ከ13ቱ ሰዎች አንድም አልሞተም። ፍሰቱ እንዳለ ተረጋገጠ፤ አይሆንም ያሉትም ዝም አሉ።

ፍራም ጉዞውን ከጀመረ ከ126 ዓመታት በኋላ፣ በ2019፣ ፖላርሽቴርን የተባለ የጀርመን የምርምር መርከብ የናንሰንን ዘዴ በመከተል ራሱን በበረዶ አስይዞ ተንሳፈፈ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት በረዶ በናንሰን ዘመን ከነበረው ይልቅ ስስ ሲሆን፣ ጉዞውም ፈጣን ነበር። የፍራም መዝገብ ለዛሬው የአየር ንብረት ጥናት መነጻጸሪያ ሆኖ የሚያገለግለው ስለዚህ ነው።

ከበረዶ ወደ ሰዎች

ናንሰን በሕዝቡ ዘንድ እንደ ጀግና ተቆጠረ። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን ውሕደት ስታፈርስ በዲፕሎማሲው ተሳተፈ፤ ከ1906 እስከ 1908 በለንደን የአገሩ መልእክተኛ ሆነ። በ1907 ባለቤቱ ኤቫ ስትሞት አምስት ልጆቻቸው እናታቸውን አጡ። እርሱም ወደ ባሕር ጥናቱ ለመመለስ ይጓጓ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ሌላ መንገድ አስያዘው።

በ1920 አዲስ የተቋቋመው የመንግሥታቱ ማኅበር በሩሲያና በመካከለኛው አውሮፓ የቀሩትን የጦር ምርኮኞች ወደየአገራቸው እንዲመልስ ናንሰንን ለመነው። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። ምርኮኞቹ ግን በሳይቤሪያ ካምፖች በታይፈስና በረሀብ እየረገፉ ነበር። መንግሥታቱ ከአዲሱ የሩሲያ መንግሥት ጋር ስለማይነጋገሩ ማንም ሊያወጣቸው አልቻለም። ናንሰን ከሁሉም ወገን ጋር ተነጋገረ። በባልቲክ ባሕር በኢስቶኒያና በጀርመን ወደቦች መካከል መርከቦችን አመላለሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ አገሮች ዜጎች የሆኑ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ቤታቸው ገቡ።

በ1921 በቮልጋ ወንዝ ዳርቻዎች ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ያስከተሉት ከባድ ረሀብ ተነሣ። ታታሮችና ባሽኪሮች የተባሉት የአካባቢው ሙስሊም ሕዝቦች ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። አንባቢ የዚህን ወንዝ ስም ከእስልምና ታሪክ ያውቀዋል። የአባሲድ ኸሊፋ አል ሙቅተዲር የላከው አሕመድ ኢብኑ ፈድላን በረዶ የጋገረውን የጀይሁን ወንዝ አይቶ፣ በመንገድ መሪ እየተመራ ቀዝቃዛውን ሜዳ አቋርጦ፣ በ310 ሂጅራ በሙሐረም ወር ከቡልጋሮች ንጉሥ ዘንድ የደረሰው በዚሁ በቮልጋ ዳርቻ ነው። ያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 922 ነበር። ናንሰን በረሀብ የተመታውን የሳማራ አካባቢ የጎበኘበት የብርድ ወቅት ያለቀው በ1922 ነው። ኢብኑ ፈድላን ሶላቱንና እንግዳ ተቀባይነቱን ከመዘገበው ሕዝብ የተወለዱ ሰዎች፣ ልክ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ ሣርና የዛፍ ቅርፊት ይበሉ ነበር።

ናንሰን በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ ብድር ጠየቀ። መንግሥታቱ የሩሲያን አዲስ አገዛዝ መርዳት ይሆናል ብለው እምቢ አሉት። እርሱም ወደ ሕዝቡ ዞሮ በየከተማው እየተናገረ፣ የረሀቡን ፎቶግራፎች እያሳየ ገንዘብና እህል ሰበሰበ። ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሠራው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ቢሆንም በናንሰን በኩል የመጣው እርዳታም የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ። እንዲያም ሆኖ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የ1922ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ለእርዳታ ሥራው አዋለው።

ያለ አገር የቀሩ ሰዎች ወረቀት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሰው በአብዛኛው አውሮፓ ያለ ፓስፖርት ይዘዋወር ነበር። ጦርነቱ ድንበሮችን በወረቀት አጠረ። ከሩሲያ አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሰደዱት በዚህ ጊዜ ነው። በኖቬምበር 1920 ብቻ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑት በመርከብ ታጭቀው ከክራይሚያ ኢስታንቡል ገቡ። በዲሴምበር 1921 አዲሱ መንግሥት ከአገር የወጡትን ብዙዎች ዜግነታቸውን ሰረዘባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚህ ሰዎች የማንም አልነበሩም። ባሉበት እንዳይኖሩ ፈቃድ የላቸውም፤ እንዳይሄዱ የሚቀበላቸው የለም፤ እንዳይመለሱ አገራቸው አታውቃቸውም።

ናንሰን በ1921 የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ስደቱን ማስቆም እንደማይችል ያውቅ ነበር፤ የበረዶውን ፍሰት ማስቆም እንዳልቻለ ሁሉ። ፍራምን ሲያሠራ የፈለገው በግፊቱ መካከል ሳይደቅ የሚያልፍ ነገር ነበር፤ ለስደተኞቹም የፈለገላቸው ይህንኑ ነው። በጁላይ 1922 በጄኔቫ በተደረገ ጉባኤ፣ መንግሥታት ለአገር አልባ ስደተኞች መታወቂያና የጉዞ ማስረጃ እንዲሰጡ አስማማ። ወረቀቱ የናንሰን ፓስፖርት ተባለ። በመጀመሪያ ለሩሲያውያን፣ በ1924 ለአርመኖች፣ በ1928 ደግሞ ለአሦራውያንና ለጥቂት የቱርክ ስደተኞች ተፈቀደ። ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት፤ ወደ 450 ሺህ ሰዎችም እንደያዙት ይገመታል። ከያዙት መካከል ሠዓሊው ማርክ ሻጋል፣ ሙዚቀኛው ኢጎር ስትራቪንስኪና ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ግን በፓሪስ ታክሲ የሚነዱ፣ በፋብሪካ የሚሠሩ፣ ስማቸውን ታሪክ ያልመዘገበው ሰዎች ነበሩ።

ወረቀቱ ጉድለት ነበረው። የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነበር። ዜግነት አይሰጥም፤ ሥራ የመሥራት መብትም አያስገኝም። ስደተኛው ከሰጠው አገር ከወጣ በኋላ ተመልሶ ለመግባት እንኳ ዋስትና አልነበረውም። ይህኛው ችግር በ1926 በከፊል ተስተካከለ። በዚያው ዓመት አቅም ያለው ስደተኛ በ5 የወርቅ ፍራንክ የሚገዛው ቴምብር ወጣና ገቢው ለድሆቹ ስደተኞች መደገፊያ ሆነ። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደስበትን ቀን በልቡ እየቆጠረ የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለሐበሻ ሙስሊም እንግዳን የማስጠጋት ነገር አዲስ ትምህርት አይደለም። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦች በመካ ሲበደሉ ባሕር ተሻግረው በነጃሺ ምድር ተጠግተዋል፤ ከመንገድ ላይ የቀረ መንገደኛም በዘካ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ናንሰን የጨመረው ነገር ቢኖር ይህን ጥበቃ ንጉሡ ሲለወጥ ከማይለወጥ ስምምነት ላይ ማኖሩ ነው።

የተወቀሰበት ሥራ

የናንሰን ሥራ ሁሉ የተመሰገነ አይደለም። በ1922 የግሪክና የቱርክ ጦርነት ሲያበቃ መቶ ሺዎች ከአናቶሊያ ወደ ግሪክ ጎርፈው ነበር። ናንሰን የሁለቱ አገሮች ሕዝቦች በስምምነት እንዲለዋወጡ ሐሳብ አቀረበ። በጃንዋሪ 1923 በሎዛን የተፈረመው ውል ልውውጡን አስገዳጅ አደረገው። ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ ከ350 ሺህ እስከ 400 ሺህ የሚደርሱ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ እንዲሰፍሩ ተደረገ። መለኪያው ቋንቋ ሳይሆን ሃይማኖት ነበር። ስለዚህ ከግሪክኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቁ የቀርጤስ ሙስሊሞች የአባቶቻቸውን መቃብርና መስጊዶቻቸውን ትተው ወደማያውቁት ምድር ተሻገሩ። ከዚህ የቀሩት በዋናነት የምዕራብ ትሬስ ሙስሊሞችና የኢስታንቡል ግሪኮች ነበሩ። ደጋፊዎቹ የባሰ እልቂትን አስቀርቷል ይላሉ። ነቃፊዎቹ ሰውን በሃይማኖቱ ለይቶ ከአገሩ መንቀልን ሕጋዊ አደረገ ይላሉ። የኋለኛው ወቀሳ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ለአርመን ስደተኞች የደከመውም በከፊል ብቻ ተሳካ። በ1925 ወደ አርመንያ ሄዶ መሬት በመስኖ አልምቶ የማስፈር ዕቅድ ቢያወጣም መንግሥታቱ ገንዘቡን አልሰጡም። በሶርያና በሊባኖስ በድንኳን ይኖሩ የነበሩ ብዙዎች ግን በእርሱ መሥሪያ ቤት እርዳታ ጭምር ቤት ሠርተው ሰፈሩ። ከዚሁ መከራ የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን በ1924 ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ እንዳመጧቸው ይታወቃል። ያ የናንሰን ሥራ ባይሆንም፣ አርባ ልጆች ተብለው የኢትዮጵያን የማርሽ ባንድ የመሠረቱት ልጆች ናንሰን መጠጊያ ይፈልግለት የነበረው ሕዝብ አካል ነበሩ።

ፍጻሜው

ናንሰን ሜይ 13 ቀን 1930 በኦስሎ አቅራቢያ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። ዕድሜው 68 ነበር። በስሙ የተቋቋመው የስደተኞች ቢሮ ሥራውን ቀጥሎ በ1938 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የ1951 የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ ማን እንደሆነ ሲዘረዝር ከሁሉ በፊት የሚጠቅሰው በናንሰን ዘመን በ1926 እና በ1928 በተደረጉት ስምምነቶች ጥበቃ ያገኙትን ነው። ስምምነቱን ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ፍራም ዛሬ በኦስሎ በራሱ ስም በተጠራ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ጎብኚዎች ወደ ውስጡ ገብተው ናንሰንና ጓዶቹ የተኙባቸውን ጠባብ ክፍሎች ያያሉ፤ በረዶው ጨምቆ ሊያደቅቀው ያልቻለውን ወፍራም እንጨት በእጃቸው ይዳስሳሉ። ሌላው ሥራው በቤተ መዘክር አልተቀመጠም። ስደተኞች ዛሬ የሚይዙት የጉዞ ሰነድ የናንሰን ፓስፖርት ልጅ ነው። በየአየር ማረፊያው በሰልፍ ላይ ቆሞ ያን ሰነድ ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ የሚዘረጋው ሰው የናንሰንን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ በሩ ሲከፈትለት ግን በረዶ ይወደው የነበረ አንድ ሰው የለፋበት መንገድ ላይ ነው የሚራመደው።